የቁስቋም ጋራና የእኛ ምንጭ

ዛሬ ስለ አንድ ጋራ ላጫውታችሁ ነው። ጋራው የሚገኘው በአዲስ አበባ ከተማ፣ በጉለሌ ነው። ሰፈሩ ቁስቋም ይባላል። ስለዚህ ጋራ የምጽፈው ለወሬ ያህል አይደለም። የመንደራችን የምንጭ ውኃ ነገር ስላሳሰበኝ ነው።

እኔ የሰሜን ሸዋ ገበሬ ነኝ። ከመንደራችን በላይ አንዲት ምንጭ አለች። አያቶቻችን ከእርሷ ጠጥተዋል። እኛም ከእርሷ እንጠጣለን። ከምንጯ ራስጌ ያለው ተዳፋት የእኔ ይዞታ ነው። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት በዚያ ተዳፋት ላይ ባሕር ዛፍ ተከልሁ። ማንም አልከለከለኝም። ዛፉ ቶሎ አደገ። ቆርጬ ሸጥሁና ቤቴን ቆርቆሮ አለበስሁ። ዛፉም ከጉቶው እንደገና አቆጠቆጠ። እኔም ደስ አለኝ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ምንጯ በበጋ መክሳት ጀመረች። መጋቢት ሲገባ ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። አንድ ቀን ጎረቤቴ ጀሪካኗን አዝላ ስታልፍ ቆም አለችና፣ «የአንተ ቆርቆሮ የእኛን ውኃ ጠጣ እኮ!» አለችኝ። እንደ ቀልድ አስመስላ ነው የተናገረችው። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በዚያው ዓመት ክረምት ሌላ ዓይነት ችግኝ አምጥቼ በባሕር ዛፉ መካከል ተከልሁ። ጥር ላይ ሄጄ ሳይ ሁሉም ደርቋል። አንድ እንኳ አልተረፈም። «እንግዲህ ምን ላድርግ? መሬቱ እምቢ አለ» ብዬ ተውሁት። ጥፋቱ የመሬቱ አለመሆኑን የተረዳሁት ቁስቋም ሄጄ ነው።

ቁስቋም

እህቴ ቁስቋም ትኖራለች። ባለፈው ዓመት የካቲት ልጠይቃት ሄድሁ። ቁስቋም ከእንጦጦ ጋራ ሥር ያለ ሰፈር ነው። መንገዱ ዳገት ነው። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ከተማው ወደ ኋላ ይቀራል። ነፋሱም ይቀዘቅዛል።

ቁስቋም የሚለው ስም የመጣው ከግብፅ አገር ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ ያረፈችበት ቦታ ስም ነው ይባላል። የቁስቋም በዓል የሚውለው ኅዳር 6 ቀን ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጊዜ ዘመነ ጽጌ ይባላል። ጽጌ ማለት አበባ ነው። በዚያ ጊዜ አገሩ በአበባ ይሸፈናል። በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን አበባው ይረግፋል። ሣሩም ይቢጫል። ረጅሙ በጋ ይጀምራል። እኔ የደረስሁት በዚያ በጋ መካከል ነው።

በማለዳ ተነሥቼ ወደ ጋራው ወጣሁ። በየአቅጣጫው ባሕር ዛፍ አለ። ከሥሩ ያለው መሬት ባዶና ደረቅ ነው። ቅጠሉ ብቻ ተነጥፏል። የእኔን ተዳፋት ያየሁ መሰለኝ። ትንሽ አለፍ ብዬ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ጥድ አለ። ወይራ አለ። ከእነርሱ ሥር ቀጋና ክትክታ በቅለዋል። በየካቲት ፀሐይ ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። ጋራው አንድ ነው። ፀሐዩም አንድ ነው። «ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?» ብዬ ቆምሁ።

ባሕር ዛፍ እንዴት መጣ?

ነገሩን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት እንጦጦ ላይ ተቀምጠው ነበር። በኋላም ሕዝቡ ወደ ታች ወርዶ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ከተማው ሲያድግ ለማገዶና ለቤት ሥራ ብዙ እንጨት ተቆረጠ። የጋራው ጥድና ወይራ አለቀ። የእንጨቱ ችግር ከመጽናቱ የተነሣ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር።

በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከወደ አውስትራሊያ የተገኘ ዛፍ ወደ አገራችን ገባ። ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ አለው። ይህ ዛፍ ቶሎ ያድጋል። ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከብትም አይበላውም። ከተማው እንጨት አገኘ። አዲስ አበባም በቦታዋ ጸናች። ስለዚህ ባሕር ዛፍን ጠላት ነው ብለን ብቻ ብናልፈው እውነት አይሆንም። ብዙ ጎጆ አቁሟል። የእኔንም ቤት ጨምሮ።

ነገር ግን ውኃ ይወዳል። ሥሩ ወደ ጎንም ወደ ታችም ይሄዳል። በበጋም ሳያርፍ ይጠጣል። ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ዝናብ ሲመጣ ውኃው አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል። ለዚህ ነው ከምንጭ ራስጌና ከእርሻ ዳር አትትከሉት የሚባለው።

ዝናቡ የት ሄደ?

ጋራው ላይ አንድ ችግኝ ጣቢያ አለ። በዚያ አንዲት እናት ችግኝ ሲያጠጡ አገኘሁ። ሰላምታ ሰጥቼ ችግሬን ነገርኋቸው። እርሳቸውም ቆርቆሮ ባልዲያቸውን አስቀምጠው ሳቁ።

«ልጄ፣ እኔ ድሮ ከዚህ ጋራ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሜ ወርጄ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ወገቤ ምስክሬ ነው። አሁን ደግሞ እተክላለሁ። እስቲ ንገረኝ፤ የዚህ አገር ዝናብ ያንሳል?» አሉኝ።

«እማማ፣ የእርስዎ አገር ዝናብስ ብዙ ነው» አልኋቸው።

እውነታቸውን ነው። በአዲስ አበባ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ሳይፈስና ሳይሰርግ ቢጠራቀም ከአንድ ሜትር በላይ ከፍታ ይኖረዋል። ከሰው ወገብ በላይ ማለት ነው። ግን አብዛኛው የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት ደረቅ ናቸው። በልግ ጥቂት ይሰጣል፤ አንዳንዴም ይቀራል።

«አየህ፣» አሉኝ፣ «ውኃው ይመጣል። ችግሩ አይቆይም። ጋራው ራቁቱን ከሆነ ውኃው እንደ ሌባ ሮጦ ይወርዳል። ታች ያለውን ሰው በጎርፍ ይመታል። በጋ ሲመጣ ደግሞ ላይም ታችም ውኃ የለም።»

ከጉለሌ ጋራ የሚወርዱት ወንዞች ወደ አቃቂ ወንዝ ይገባሉ። አቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል። ስለዚህ እዚህ ላይ ያለው ዛፍና ሣር ሩቅ ላለው ሰውም ይተርፋል። ሣር፣ ቁጥቋጦና የወደቀ ቅጠል የዝናቡን ጉልበት ይሰብራሉ። የዛፍ ሥር አፈሩን ያላላዋል። ውኃው ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። የሰረገው ውኃ ነው በኋላ በምንጭ የሚወጣው።

በጋ የሚችሉ ተክሎች

እኒያ እናት እጄን ይዘው ተክሎቹን አንድ በአንድ አሳዩኝ። የወይራ ቅጠል ቆረጡና፣ «ዳብሰው» አሉኝ። ቅጠሉ ወፍራምና ጠንካራ ነው። ቅጠል ለተክል እንደ አፍንጫ ነው። ተክል በቅጠሉ ሲተነፍስ ውኃ ያወጣል። ወይራ ግን ቅጠሉ ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ውኃ አያባክንም። የሐበሻ ጥድ ቅጠሉ እንደ ቅርፊት ደቃቅ ነው። እርሱም ውኃ ይቆጥባል። ሬት ውኃውን በወፍራም ቅጠሉ ውስጥ ያከማቻል። ክትክታ ራቁቱን በቀረ መሬት ላይ እንኳ ይበቅላል። ፍየልም ብዙ አትወደውም።

«ወይራና ጥድ ቶሎ አያድጉም እኮ» አልኋቸው።

«ከላይ ስታየው ነዋ! በመጀመሪያ የሚያድገው ከታች ነው። ሥሩን ይሰዳል። ሰው ቤት ሲሠራ መሠረቱን አይደል የሚያስቀድመው?» አሉኝ።

ሁሉም ተክል ደግሞ ለሁሉም ቦታ አይሆንም። ኮሶ ደጋና እርጥበት ይወዳል። ስለዚህ ሸለቆ ውስጥ ይስማማዋል። አስታ በጋራው ራስ ላይ ብርዱን ይችላል። ወይራና ጥድ ደረቁን ተዳፋት ይችላሉ። ቀጋ እሾህ ስላለው ለአጥር ይሆናል።

ሌላም ነገር አሳዩኝ። አንድ ክትክታ ሥር ጎንበስ ብለው ቅጠሉን ገለጥ አደረጉ። ከሥሩ አንዲት ትንሽ ወይራ በቅላለች። ማንም አልተከላትም። ወፍ የወይራ ፍሬ በልታ ቁጥቋጦው ላይ አርፋ ጣለችው። ቁጥቋጦው ከፀሐይ ጋረዳት። ከከብትም ሸሸጋት። «ቁጥቋጦ ሞግዚት ነው። እናንተ ግን መሬት አጸዳን ብላችሁ ሞግዚቱን ትመነጥራላችሁ፤ ከዚያ ሕፃኑ ሞተብን ትላላችሁ» አሉኝ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ያን ዓመት ችግኜን ስተክል ቁጥቋጦውን ሁሉ የመነጠርሁት እኔ ነበርሁ።

የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል

በዚሁ በጉለሌ ጋራ ላይ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ። ዕፅዋት ማለት ዛፍ፣ ቁጥቋጦ፣ ሣርና ሐረግ ሁሉ ማለት ነው። ማዕከሉን ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ሆነው ነው። ስፋቱ 705 ሄክታር ነው። በድሮው አለካክ ወደ 18 ጋሻ ይጠጋል። ቦታው ቀድሞ አብዛኛው በባሕር ዛፍ የተሸፈነ ነበር። ማዕከሉ ሲቋቋም ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር በቀል ተክል መተካት ተጀመረ። አገር በቀል ማለት ከጥንት ጀምሮ በአገሩ የሚበቅል ማለት ነው።

ይህን ሥራ ከመሩት ምሁራን አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። እርሳቸውና ሌሎች ሊቃውንት የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት አጥንተው በብዙ ጥራዝ መጻሕፍት አስመዝግበዋል። ሥራው ከ1972 እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ ወሰደ። በአገራችን ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶች እንዳሉ ተቈጥሯል። ከዐሥር አንድ ያህሉ በሌላ አገር አይገኝም። እዚህ ከጠፋ ከዓለም ጠፋ ማለት ነው።

ተክሉ ሲመለስ እንስሳውም ይመለሳል። ፍሬ ካለ ወፍ ይመጣል። ጥሻ ካለ ድኩላ ይጠለላል። ወፍ ደግሞ ዘር ይዘራል። ሰው የጀመረውን ሥራ ወፍ ትቀጥለዋለች።

«እኔ ግን 18 ጋሻ የለኝም፤ ያለኝ አንድ ተዳፋት ነው» ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲሁ ብያለሁ። ነገር ግን በአማራ ክልል የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አስቡ። ብዙዎቹ ትናንሽ ናቸው። በዙሪያቸው ያለው መሬት ሲራቆት እነርሱ ብቻ ቀርተዋል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች አጥንተዋል። በደቡብ ጎንደር በአንዳንድ ቦታ ሕዝቡ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ሠርቷል። ካቡ ከብት እንዳይገባ ይከለክላል። ድንጋዩም ከእርሻ ውስጥ የተለቀመ ነው። ከብት ካልገባ ችግኙ ራሱ ይበቅላል። የአገር በቀል ዘር ሲጠፋባችሁ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከእነዚህ ደኖች ነው። በቅድሚያ ግን አስፈቅዱ።

አተካከሉ

እኒያ እናት የነገሩኝን በደብተሬ ጻፍሁ። ፊደል መቁጠሬ በዚያ ቀን ጠቀመኝ። የጻፍሁትን እነሆ፦

አንደኛ። ዘሩን ዕወቁ። የግራር ዘር ልባሱ ጠንካራ ነው። ሙቅ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ቢዘራ ቶሎ ይበቅላል። የወይራ ፍሬም ውስጡ ድንጋይ ነው። ልቡ ሳይነካ ቀስ ብሎ ሰንጠቅ ማድረግ ይረዳል። የጥቁር እንጨት ዘር ግን ብዙ አይቆይም። ትኩሱን መዝራት ነው።

ሁለተኛ። ውኃ መያዣውን አስቀድሙ። ዝናብ ሳይገባ በተዳፋቱ ላይ እርከን ሥሩ። ለያንዳንዱ ችግኝ ከታች በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ አፈር ክቡ። የሚወርደው ውኃ እዚያ ይቆማል።

ሦስተኛ። ጉድጓዱ አንድ ክንድ ያህል ይጠልቅ። የላዩን ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታቹን አፈር ለብቻ አስቀምጡ። ስትተክሉ ጥቁሩ አፈር ወደ ሥሩ ይግባ።

አራተኛ። ክረምቱ እንደ ገባ ትከሉ። መሬቱ በደንብ ሲርስ፣ በሐምሌ መጀመሪያ ገደማ ጥሩ ነው። ነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ችግኝ ሥሩን ሳይሰድ በጋ ይደርስበታል።

አምስተኛ። ችግኙ ያደገበትን ፕላስቲክ አውልቁ። ሥሩ በፕላስቲክ ከታሰረ ይታፈናል።

ስድስተኛ። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ዙሪያውን አርሙ። ሥሩን በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ ሸፍኑ። ግንዱን ግን ሣሩ አይንካው። ጉዝጓዙ እርጥበቱን ይይዛል።

ሰባተኛ። አጥሩ። ከሁሉ የሚከፋው ጠላት የፍየል ጥርስ ነው።

እኔ ያን ዓመት ከእነዚህ ስንቱን እንደ ሠራሁ ብትጠይቁኝ አንዱንም አልሠራሁም። በነሐሴ መጨረሻ ተከልሁ። ፕላስቲኩን አላወለቅሁም። አጥርም አልነበረም። የደረቁት ችግኞች በባሕር ዛፉ ብቻ አልሞቱም። በእኔም እጅ ሞተዋል።

ወደ ቤት ስመለስ

ልሰናበታቸው ስል፣ «ባሕር ዛፉንስ ምን ላድርገው?» አልኋቸው።

«ሁሉንም በአንድ ቀን አትቁረጥ። መሬቱ ይናድብሃል። ጉቶውንም አትንቀል። ለምንጯ የቀረበውን መጀመሪያ ቁረጥ። የጉቶውን ቅርፊት እስከ መሬት ድረስ ላጠው። ቡቃያ ሲያወጣ ደጋግመህ ስበረው። ለራስህ ማገዶና ገንዘብ የሚሆነውን ደግሞ ከምንጭና ከእርሻ ራቅ ባለ ድንጋያማ ቦታ ትከል» አሉኝ።

እንደ ተባልሁት አደረግሁ። ቀላል አልነበረም። ባለቤቴ ተቈጣች። «የልጆቹን ደብተርና ልብስ በምን ልንገዛ ነው?» አለች። እውነቷን ነው። ዛፉ ለእኛ እንደ ባንክ ነበር። ሁለት ቀን ተነጋገርን። በመጨረሻ ለምንጯ የቀረቡትን 40 ዛፎች ቆርጠን ልንሸጥ ተስማማን። ከገንዘቡም ከፊሉን ለልጆቹ አስቀመጥን። የቀረው ባሕር ዛፍ ገና እንደ ቆመ ነው። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ልንቀንሰው አስበናል።

በሐምሌ 60 ችግኝ ተከልን። ወይራ፣ ጥድና ግራር ነው። ክትክታውን አልመነጠርንም። ከቀጋ ቅርንጫፍ አጥር ሠራን። ያቺ በቀልድ የወጋችኝ ጎረቤቴ ሳትጠራ መጣች። መቈፈሪያ ይዛ ነው የመጣችው። እርከኑን ስንሠራ ሦስት ቀን ዋለች።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ቈጠርሁ። 41 ችግኝ በሕይወት አለ። 19 ሞቷል። 9ኙን ፍየል በላው፤ አጥሩ አንድ ቦታ ተከፍቶ ነበር። 7ቱን የኅዳር ውርጭ መታው። 3ቱ በምን እንደ ሞቱ አላወቅሁም። የሞቱትን በመጪው ክረምት እተካለሁ።

ምንጯስ? ምንጯ ገና አልተመለሰችም። መጋቢት ላይ ሴቶቹ እንደ አምናው ተራ ጠብቀዋል። ይህን ልደብቃችሁ አልችልም። የብዙ ዓመት ጉዳት በአንድ ክረምት አይጠገንም። ነገር ግን በነሐሴ ከባድ ዝናብ ዘንቦ ሳለ ወደ ተዳፋቱ ወጥቼ ነበር። ድሮ ቀይ ጎርፍ ሆኖ ይወርድ የነበረው ውኃ በየግማሽ ጨረቃው ውስጥ ቆሟል። ቀስ እያለ ወደ መሬት ይገባል። ዝናቡ እየመታኝ ቆሜ አየሁት።

ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት በበራችን ስታልፍ ቆመች። «ስንት ቀረ?» አለችኝ። «41» አልኋት። «እንግዲህ ለዘንድሮው አጥር እኔም እሾህ አመጣለሁ» አለችና ጀሪካኗን አዝላ ሄደች።

አንብባችሁ ስትጨርሱ በዚህ ላይ ተወያዩ፦
በመንደራችሁ ከምንጭ ራስጌ የተተከለው ምንድን ነው?
አምና ከተከላችሁት ችግኝ ዛሬ በሕይወት ያለው ስንት ነው? ሄዳችሁ ቍጠሩት።